ቡስቱን ማን ያየዋል? በአማተር አውቶክሮስ ስለ ቱርቦ መኪኖች ማሻሻያ ሕግ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ስገባ አንድ ወዳጄ "ቱርቦ ያላችሁ በቀኝ፣ የሌላችሁ በግራ ተቀመጡ በላቸው" ብሎ ቀለደብኝ። ቀልድ ይሁን እንጂ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። የማሻሻያ ሕግ በተነሳ ቁጥር እሰጥ አገባው የሚጀምረው ማን ምን ይነዳል ከሚለው ነው። ቱርቦ የሌለው "ቡስት መጨመር ይከልከል" ይላል፤ ቡስት ማለት ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተጨማሪ የአየር ግፊት ነው። ቱርቦ ያለው ደግሞ "እናንተ የሞተር ፕሮግራም ስትቀይሩ እኔ ምን በደልኩ?" ይላል። ሁለቱም በፍትሕ ስም ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው።

እኔ ዛሬ ስለ ፍትሕ ብዙ አላወራም። የማነሳው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ሕጉ ሲጣስ ማን ያየዋል? በምን መሣሪያ? በስንት ደቂቃ? ለዚህ መልስ የሌለው ሕግ፣ አንቀጹ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የሚጎዳው ሕግ አክባሪውን ብቻ ነው። ይህን አቋሜን ከወዲሁ እወቁልኝና ልቀጥል። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለአዲሶቹ ትንሽ ላብራራ። አውቶክሮስ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ወይም አሮጌ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ፣ በፕላስቲክ ኮን በተሠራ መንገድ፣ መኪኖች በየተራ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። አንዱ ሩጫ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ፍጥነቱ ከአውራ ጎዳና ፍጥነት እምብዛም አይበልጥም። ኮን የመታ ሰው በአብዛኛው ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። መንገዱን የሳተ ሩጫው አይያዝለትም። አንደኛና ሁለተኛ የሚለያዩት በሰከንድ መቶኛ፣ አንዳንዴም በሺኛ ነው። ሩጫውን የጨረሰ ሰው ደግሞ ሜዳ ላይ ቆሞ የሌሎችን ኮን ያነሳል። ሰዓት ያዡም ፈታሹም እንደኛው ተወዳዳሪ ነው። ደመወዝ የለውም፤ እሱም ተራው ሲደርስ መኪናው ውስጥ መግባት ይፈልጋል። የፍተሻ ነገር ላይ ስንደርስ ይህን አስታውሱ።

ብዙ ክለቦች ሕጋቸውን የሚቀዱት ከአሜሪካው ኤስሲሲኤ ነው። በ1944 የተመሠረተ ማኅበር ነው። ሶሎ የሚለውን የአውቶክሮስ ብሔራዊ ውድድሩን በ1973 ጀመረ። ከ2009 ወዲህ የሚካሄደው ነብራስካ ውስጥ፣ ሊንከን ከተማ ነው። መኪኖቹን የሚመድበው በደረጃ ነው። ከታች ስትሪት የሚባለው አለ። እዚያ የሚፈቀደው ጥቂት ነገር ነው። ሾክ አብዞርበር መቀየር ይቻላል። መኪናው ሲታጠፍ እንዳይጋደም ከሚይዙት የብረት ዘንጎች አንዱን፣ የፊቱን ወይም የኋላውን፣ መቀየር ይቻላል። ጭሱን ከሚያጣራው ካታሊስት በኋላ ያለው ማርሚታ ነጻ ነው። የአየር ፊልትሮም እንዲሁ። ጎማው ትሬድዌር ቁጥሩ ከ200 ያላነሰ መሆን አለበት፤ ማለትም ፈጥኖ የሚያልቅ የውድድር ጎማ አይሆንም። ወደ ላይ እየወጣን ስንሄድ ስትሪት ቱሪንግ ይመጣል። ሞላ ይቀየራል፣ ሰፋ ያለ ቸርኬ ይገባል፣ የሞተሩ ፕሮግራምም ይነካል። ከዚያም በላይ ስትሪት ሞዲፋይድ አለ፤ እዚያ ቱርቦውን ራሱን አውልቆ ትልቅ ማስገባት ይቻላል። ላይኛው ላይ ስለ ቡስት የሚከራከር ሰው የለም፤ ሁሉም የፈለገውን ያደርጋል። ታችኛው ላይም ክርክሩ ቀለል ያለ ነው። ደም የሚያፈላው መሀሉ ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ቱርቦ ምን እንደሚያደርግ ማየት አለብን። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ኮምፕረሰር የውጭውን አየር ስቦ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ150,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። በባህር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ቱርቦው ሌላ 1 ባር ከጨመረበት ሞተሩ የሚያገኘው አየር ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቡስት የምንለው ያንን ጭማሪ ነው። አየር ሲታመቅ ደግሞ ይግላል፤ በዚህ ልክ ሲታመቅ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። ኢንተርኩለር የተፈለገው ለዚህ ነው። ተወዳዳሪዎች በሩጫዎች መካከል ኢንተርኩለር ላይ ውሃ ሲረጩ የምታዩትም ለዚሁ ነው።

ቡስቱ ከልክ እንዳያልፍ ዌስትጌት የሚባል በር አለ። ሲከፈት ጭሱ ተርባይኑን ሳይነካ ያልፋል። በዘመኑ መኪኖች ላይ በሩ መቼ እንደሚከፈት የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። የጠቡ መነሻ እዚህ ላይ ነው። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ፕሮግራም ብንቀይር የምናገኘው ጥቂት በመቶ ነው። ኮምፒውተር አየር አይፈጥርም፤ ፒስተኑ የሚስበው ያው የሚስበውን ነው። ቱርቦ ባለው ላይ ግን ኮምፒውተሩ ተጨማሪ አየር ማዘዝ ይችላል። አንዲት ቡሎን ሳትፈታ፣ ላፕቶፕ በመሰካት ብቻ፣ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉልበት መጨመር የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ "ፕሮግራም መቀየር ለሁሉም ይፈቀድ" የሚለው እኩል የሚመስል ሕግ፣ ሥራ ላይ ሲውል እኩል አይደለም። ቱርቦ የሌላቸው ሰዎች ስጋት ውሃ ያነሳል።

ለዚህ መልስ ተብሎ የተጻፈውና ለዓመታት የቆየው የስትሪት ቱሪንግ ሕግ መንፈሱ ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ይቀየር፣ ቱርቦ ያለው መኪናም ይቀይር፣ ነገር ግን ቡስቱ፣ ኢንተርኩለሩና የቡስት መቆጣጠሪያው ፋብሪካ እንደሠራቸው ይቆዩ። ወረቀት ላይ ሲነበብ ምንም አይወጣለትም።

እስቲ "ፋብሪካ እንደሠራው" የሚለውን ይዘን ወደ መኪና እንሂድ። የ2016ቱን ፎርድ ፎከስ አርኤስ ውሰዱ። በመደበኛው ጊዜ የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል 440 ኒውተን ሜትር ነው። ነዳጁን አጥብቆ ለረገጠ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ቡስት ጨምሮ እስከ 15 ሰከንድ ድረስ 470 ይሰጣል። አሁን አውቶክሮስን አስቡ። አንድ ደቂቃ በማይሞላ ሩጫ ውስጥ እግር እስከ ወለል የሚረገጠው ሁለት ሦስት ሰከንድ እየተባለ ነው፤ ወዲያው ቀጣዩ ኮን ይመጣል። ስለዚህ ያ መኪና በኛ ሜዳ ላይ ጭማሪው የሚያልቅበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ "ስታንዳርድ ቡስት" የምንለው የቱን ነው? ፋብሪካው ራሱ ሁለት ልክ አውጥቶለታል።

በዚህ አያበቃም። አምራቹ ለጥገና ወደ ሻጩ ጋራዥ ለመጣ መኪና አዲስ ፕሮግራም ይጭናል። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ቡስቱ ትንሽ ሊነካ ይችላል። በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ተመሳሳይ መኪኖች ሁለት የተለያየ "ስታንዳርድ" ይዘው ይመጣሉ ማለት ነው። ከፍታም አለ። በ1,600 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ከ15 በመቶ በላይ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው መኪና ያንን ያህል ጉልበት ያጣል። የቱርቦው ኮምፒውተር ግን ኮምፕረሰሩን ይበልጥ አሽከርክሮ ጉድለቱን ለመሙላት ይሞክራል። በሙቀትም እንዲሁ ልኩን ይቀያይራል። ቡስት አንድ ቁጥር አይደለም፤ በየሁኔታው የሚለዋወጥ ሰንጠረዥ ነው። ሕጉ ግን እንደ አንድ ቁጥር ነው የሚያወራለት።

የሚያስቀኝ ደግሞ የማርሚታው ነገር ነው። በዚሁ ምድብ ማርሚታ መቀየር ይፈቀዳል። ጭስ በቀላሉ ሲወጣ ተርባይኑ በቀላሉ ይሽከረከራል፣ ዌስትጌቱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ጭሱን በበቂ ማሳለፍ ያቅተውና ቡስቱ በራሱ ይወጣል። በተፈቀደ ዕቃ ምክንያት በተዘዋዋሪ የሚመጣ ጭማሪ ነው ይባልና ይታለፋል። አንዱ ሰው በላፕቶፕ ሲጨምረው አጭበርባሪ ነው። ሌላው በሦስት ኢንች ቧንቧ ሲጨምረው ንጹሕ ነው። ሞተሩ ግን ልዩነቱን አያውቅም።

እሺ፣ ልኩን እንኳ ተስማማንበት እንበል። ማን ይፈትሸዋል?

ዱሮ ማጭበርበሩ በእጅ የሚያዝ ነገር ነበር። ወደ ዌስትጌቱ በምትሄደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቀዳዳዋ የመርፌ ያህል የሆነች ትንሽ ብረት አለች። በብዙ ሱባሩና ሚትሱቢሺ መኪኖች ላይ ፋብሪካው ራሱ ነው የሚያስገባት፤ በእንግሊዝኛው "ፒል" ይሏታል። እሷን በሌላ ቀዳዳ መለወጥ ብቻ ቡስቱን ይቀይረዋል። ቱቦው ውስጥ ስለምትቀመጥ ከውጭ አትታይም። ቢሆንም ቱቦውን ነቅሎ ማየት ይቻል ነበር። ቢያንስ የሚፈለገው ዕቃ አለ።

ዛሬ የሚፈለገው ዕቃ የለም። "ፒጊባክ" የሚባሉት ትንንሽ ሳጥኖች በግፊት ሴንሰሩና በኮምፒውተሩ መካከል ይሰካሉ። ለኮምፒውተሩ ከእውነተኛው ያነሰ ግፊት ይነግሩታል። እሱም "ገና አልሞላም" ብሎ ይጨምራል። ውድድሩ ሲያልቅ በሁለት ደቂቃ ተነቅለው ኪስ ይገባሉ። ፕሮግራሙ ራሱ የተቀየረ እንደሆነ ደግሞ ከውድድሩ በፊት መጫንና ከውድድሩ በኋላ የፋብሪካውን መመለስ ይቻላል። አንዳንዱ መኪና በመሪው ላይ ባሉት ቁልፎች ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ይዘላል።

(እዚህ ላይ ከፊት ወንበር አንድ ታዳሚ "ሲቪኤን የሚባለውን ማንበብ አይቻልም ወይ?" ብለው ጠየቁ።)

ይቻላል፤ ጥያቄው የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። ለሌሎቻችን ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ የቤት መኪና ኦቢዲ ሁለት የሚባል የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። ብዙ መኪኖች በዚያ ሶኬት በኩል ሲቪኤን የሚባል የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጣሉ። ቁጥሩ ከፕሮግራሙ ተሰልቶ የሚወጣ ነው። ፕሮግራሙ ከተነካ ቁጥሩ ይቀየራል። በሐሳብ ደረጃ ግሩም ነው። በተግባር ግን ሦስት ነገር ይገጥመናል። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሞዴልና ለእያንዳንዱ የፋብሪካ ዝመና ትክክለኛ ቁጥሮቹን የያዘ ዝርዝር ያስፈልገናል። ሁለተኛ፣ ጎበዝ ፕሮግራመር ኮምፒውተሩ የድሮውን ቁጥር እንዲመልስ ማድረግ ይችላል። ሦስተኛውና ትልቁ ግን ይሄ ነው፦ ስትሪት ቱሪንግ ላይ ፕሮግራም መቀየር ራሱ ተፈቅዷል! ቁጥሩ ተቀይሮ ብናገኘው ምን እንላለን? ነዳጁ የሚቀጣጠልበትን ሰዓት ይሁን ቡስቱን የቀየረው በምን እናውቃለን? ሲቪኤን ለታችኛው ስትሪት ይጠቅማል፤ እዚያ ምንም መነካት የለበትምና። ለመሀሉ ምድብ አይረባም።

የቀረው መንገድ የራሳችንን ግፊት መዝጋቢ መኪናው ላይ መግጠም ነው። መሣሪያው አለ። ነገር ግን የሚያነጻጽሩት ኩርባ ከሌለ የመዘገበው ቁጥር ወረቀት ነው። ለየሞዴሉ፣ በየሙቀቱ፣ በየከፍታው ትክክለኛውን ቡስት ማን ለክቶ ያሰባስባል? ለብሔራዊ ውድድር፣ ለጥቂት ታዋቂ ሞዴሎች፣ ምናልባት። እሁድ ጠዋት ኮን እየደረደረ ላለ የክለብ ፈታሽ ግን እንዲህ ያለ ሸክም መስጠት ግፍ ነው። አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። ግን አንድ አማተር ጎረቤቱን ለመክሰስ ማስያዣ ከፍሎ፣ ሞተር አስፈትቶ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ሳምንት አብሮት ኮን ለማንሳት ምን ያህል ፈቃደኛ ነው? ብዙው ሰው ይጠረጥርና ዝም ይላል። ጥርጣሬው ግን ክለቡ ውስጥ ይቀራል። እኔ ከማጭበርበሩ ይልቅ ያንን ነው የምፈራው። ንጹሑ ሰው በደንብ ነድቶ ሲያሸንፍም "ኮምፒውተሩን ነክቶት ነው" ይባላል።

በገንዘብም በባለሙያም ከኛ በብዙ የሚበልጡት ምን እንዳደረጉ እንይ። ለመማር እንጂ ለመቅዳት አይደለም።

አንደኛው መንገድ ማባዣ ነው። ቱርቦ ያለውን ሞተር መጠን በአንድ ቁጥር አባዝቶ ትልቅ ሞተር ካላቸው ጋር ማሰለፍ። ግሩፕ ቢ በሚባለው በ1980ዎቹ የኃይለኛ ራሊ መኪኖች ምድብ ዘመን ማባዣው 1.4 ነበር። ላንቺያ ዴልታ ኤስ4ን 1,759 ሲሲ አድርጎ ሠራው። በ1.4 አባዙት፤ 2,463 ገደማ ይመጣል። ከ2,500 በታች ላለው ምድብ ልክክ። ፔጆ 205 ቲ16ም 1,775 ሲሲ ገደማ ሆኖ ወደ 2,485 ይደርሳል። ሁለቱም መጠኑን የመረጡት ማባዣውን አይተው ነው። ኋላ ላይ የዓለም የመኪና ውድድር የበላይ አካል የሆነው ኤፍአይኤ ማባዣውን ወደ 1.7 አሳደገው፤ 2,000 ሲሲ ቱርቦ እንደ 3,400 ይቆጠራል። ማባዣ የሞተር መጠንን እንጂ ቡስትን አያውቅም። ዝቅተኛ ቡስት ያለው የቤተሰብ መኪናና እስከ አፍንጫው የተነፋ ሞተር በእኩል ይባዛሉ። ለፈታሹ ግን ይመቻል፤ የሲሊንደር መጠን ሊደበቅ አይችልም።

ሁለተኛው ቡስቱን ራሱን መገደብ ነው። ፎርሙላ ዋን ሞክሮታል። ሬኖ በ1977 በሲልቨርስቶን 1.5 ሊትር ቱርቦ ይዞ ሲመጣ ብዙዎች ሳቁበት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያለ ቱርቦ ማሸነፍ ጭንቅ ሆነ። ስለዚህ በ1987 ግፊቱን ከ4 ባር የማያሳልፍ ባልቦላ በየሞተሩ ላይ ተደነገገ። በ1988 ወደ 2.5 ባር ወረደ፤ ነዳጁም በ150 ሊትር ተገደበ። የታሰበው ቱርቦ ያላቸው ዓመቱን ሙሉ እንዲንፏቀቁ ነበር። ማክላረን በሆንዳ ቱርቦ ከ16ቱ ውድድሮች 15ቱን አሸነፈ! በሚቀጥለው ዓመት ቱርቦ ጭራሽ ታገደ። ግፊቱ ሲቀነስባቸው ብልሃታቸውን ወደ ነዳጅ ቁጠባና ወደ ጥሩ ሻሲ አዞሩት።

ሦስተኛው የአየር መግቢያውን ማጥበብ ነው፤ ሪስትሪክተር ይባላል። ከኮምፕረሰሩ ፊት ጠባብ ቀለበት ይገባል። በጠባቡ በኩል የሚያልፈው አየር የድምፅ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ አየር ማሳለፍ አይቻልም። ቡስቱን የፈለጉትን ያህል ቢያዙ የጉልበቱ ጣሪያ ተዘጋ ማለት ነው። ፊዚክሱ ያምራል፤ ሲለካም ካሊፐር የሚባለው የእጅ መለኪያ ይበቃል። ግን እዚህም ጉድ ተሠርቷል። በ1995 የዓለም ራሊ ላይ ቀለበቱ 34 ሚሊሜትር ነበር። የቶዮታ ቡድን ሴሊካ መኪኖቹ ላይ የቱቦው ማሰሪያ ሲጠብቅ ቀለበቱን ወደፊት የሚገፋና ክፍተት የሚፈጥር፣ ሲፈታ ደግሞ ክፍተቱን የሚዘጋ ዕቃ ሠራ። ፈታሽ ሲፈታው ሁሉ ነገር ልክ ነው። ካታሎኒያ ራሊ ላይ ተያዙ፤ ነጥባቸው ተሰረዘ፣ ቡድኑም ለአንድ ዓመት ታገደ። የኤፍአይኤው ፕሬዚዳንት ማክስ ሞዝሊ እንኳ ሲቀጧቸው የዕቃውን ጥበብ ከማድነቅ አልተቆጠቡም።

ታዲያ ሪስትሪክተር ለኛ ይሁን? አይመስለኝም፤ ምክንያቴም የቶዮታ ታሪክ አይደለም። ሪስትሪክተር የሚዘጋው የላይኛውን የፈረስ ጉልበት ነው። ታችና መሀል የሞተር ዙር ላይ ያለውን የመጠምዘዝ ኃይል እምብዛም አይነካም። አውቶክሮስ የሚኖረው ደግሞ እዚያ ነው፤ ከዘገየ ኩርባ በሁለተኛ ማርሽ ፈንጠር ብሎ መውጣት። የሆንዳ ኤስ2000 የመጀመሪያው ሞተር በአሜሪካ 240 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 8,300 ዙር ላይ ነው። ያንን ለማግኘት ሞተሩን ማስጮህ ግድ ነው። ቱርቦው ግን ገና 3,000 ላይ ወንበር ላይ ይለጥፋችኋል። ቀለበቱ ይህን ልዩነት አይፈውሰውም።

የኔ ሐሳብ ይኸውላችሁ። በመሀሉ ምድብ ቡስቱ ይለቀቅ። ቱርቦው ግን ፋብሪካ ያስገባው ይሁን።

ቱርቦ ዕቃ ነው፤ ይታያል፣ ይነካል፣ ይለካል። የአየር መግቢያውን ቱቦ ፈትቶ የኮምፕረሰሩን አፍ በካሊፐር መለካት በብዙ መኪኖች ላይ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የክንፎቹንም ብዛት መቁጠር ይቻላል። በፋብሪካው ቤት ውስጥ ትልቅ ኮምፕረሰር የሚሸጉጡ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን አፉ ሲለካ ይያዛሉ። የሚያመልጥ አይኖርም አልልም። ፕሮግራም ውስጥ ከተደበቀ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ግን ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባል አይደለም። ደግሞ የፋብሪካ ቱርቦ ራሱ ጣሪያ አለው። ትንሽ ቱርቦ ከልኩ በላይ ሲነፋ አየሩን ከመግፋት ይልቅ ማጋል ይጀምራል። ላይኛው ዙር ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ኢንተርኩለሩም የፋብሪካው ይሁን። ቡስቱ በዛ ተብሎ በሁለተኛው ሩጫ አየሩ ሲግል ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበት ይቀንሳል። ገደቡን ፈታሽ ሳይሆን ሙቀቱ ያስከብረው።

ከዚያ የጉልበቱን ጥቅም በሚታዩ ነገሮች እንመልሰው። የጎማ ስፋትና የመኪና ክብደት። ጎማ ላይ ስፋቱ ተጽፎበታል፤ ሚዛን ላይ መውጣት የማይችል መኪና የለም። በጠባብ ጎማ 400 ፈረስ ይዞ ኮን መሀል መገኘት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ለአራት ጎማ ነጂዎች ደግሞ ይበልጥ የጠበበ ልክ ይሰጣቸው፤ ጉልበቱን መሬት ላይ የሚያወርዱበት መንገድ ይቀላቸዋልና።

የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ የወጪው ነው። ዛሬ ፕሮግራም ሳይቀይር የሚወዳደር ቱርቦ ባለቤት ነገ መቀየር ግድ ይሆንበታል። እውነት ነው። ሞተሩም ይደክማል፤ ቢየላ፣ ማለትም የፒስተኑን ዘንግ፣ የሚያጎብጥ ሰው ይኖራል። ይህን አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን ፕሮግራም መቀየር ቀድሞውንም የተፈቀደ ነው፤ ላይኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሁሉ ከፍለውበታል። የሚጨምረው ወጪ አዲስ ማርሚታና ሁለት ስብስብ ጎማ ከሚፈጀው ጋር ሲተያይ ያን ያህል አይደለም። ምንም ማውጣት የማይፈልግ ሰው ስትሪት አለለት። ስትሪት ላይ ሁሉም ነገር እንደተዘጋ ይቆይ፤ እዚያ ሲቪኤን ማንበብም ትርጉም ያገኛል።

ሌላው ተቃውሞ "ቱርቦ የሌለው መኪና ከምድቡ ይጠፋል" የሚለው ነው። ይህን የምድብ አደላደል ይፈታዋል እንጂ የቡስት ክልከላ አይፈታውም። ትንሿ ቱርቦ አልባ የማዝዳ ስፖርት መኪና ሚያታና ኃይለኛ ቱርቦ ሴዳን ድሮም በአንድ ምድብ መሰለፍ አልነበረባቸውም። ደግሞ ዘመኑን እንይ። ደንቡ ሲጻፍ ቱርቦ ያለው መኪና ብርቅ ነበር። በ2016 ግን ተራ የቤተሰብ ሆንዳ ሲቪክ እንኳ 1.5 ሊትር ቱርቦ ይዞ መጣ። ብርቅ እየሆነ የመጣው እንደ ሚያታና የቶዮታው ጂአር86 ያለው ቱርቦ አልባ የስፖርት መኪና ነው። ደንቡ ግን አሁንም ቱርቦን እንደ እንግዳ ነው የሚያየው።

አንድ ነገር ግን በጭራሽ እንዳይፈቀድ እፈልጋለሁ፤ አንቲላግ። እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሲነሳ ተርባይኑ እንዳይቀዘቅዝ ቤንዚን ጭስ መውጫው ውስጥ የሚያቃጥለው ዘዴ ማለቴ ነው። እንደ ጥይት ይጮሃል። ሜዳ በልመና የምናገኝ ሰዎች ነን። በጩኸት ምክንያት ሜዳ ካጣን የቡስት ክርክራችን ለማንም አይጠቅምም። ይህን ለመያዝም ፈታሽ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል።

(ከታዳሚ ሁለት ጥያቄዎች ተነሱ። የመጀመሪያው ስለ ኢ85 ነዳጅ ነበር።)

ኢ85 ብዙ ኤታኖል አለበት። ሲተን ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል፤ ቶሎም ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን አያንኳኳም። ስለዚህ ቱርቦ ላይ ከቤንዚን የበለጠ ቡስት ይሸከማል። ቡስት ከለቀቅን ኢ85ም አብሮ ይመጣል። ከማደያ የሚቀዳ ነዳጅ ሁሉ ይፈቀድ ባይ ነኝ። ናሙና ወስዶ የኤታኖሉን መጠን ማየት በርካሽ መሣሪያ ይቻላል፤ ግን ለምን እንደምንከለክለው አይታየኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ በኤሌክትሪክ ስለሚታገዝ ቱርቦ ነው። ፖርሸ በ2024 ያስተዋወቀው ዲቃላ 911 ጂቲኤስ በተርባይኑና በኮምፕረሰሩ መካከል ኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ዌስትጌት ጭራሽ የለውም፤ ሞተሩ ዘንጉን ማፋጠንም መያዝም ይችላል። የኮምፕረሰሩን አፍ ብንለካው የኤሌክትሪኩን ነገር አይነግረንም። እንዲህ ያለውን ለጊዜው ወደ ላይኛው ምድብ መስደድ ነው የሚሻለው። ቁጥሩም ገና ብዙ አይደለም።

ለውጡን በአንዴ አታውጁት። አንድ ክለብ ለአንድ የውድድር ዘመን ይሞክረው። ጠባብ ኮርስና ሰፊ ኮርስ ላይ የወጡትን ሰዓቶች ለየብቻ መዝግቡ። ቱርቦው ሰፊው ላይ ብቻ ከራቀ የጎማውን ስፋት ቀንሱ። ጠባቡም ላይ ከራቀ መኪናው ምድቡን ስቷል ማለት ነው።

ጊዜያችን አልቋል። ካሊፐር ይዤ መጥቻለሁ። ውጭ ከቆሙት ቱርቦ መኪኖች የአንዱ ባለቤት ፈቃደኛ ከሆኑ ቱቦውን አውልቀን አፉን አብረን እንለካለን፤ ሰዓት የሚይዝልኝ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።